ከሽምብራው ሥር ያለው የአውሮፕላን ሜዳ

የካቲት 3

በጎንደርና በጎርጎራ መካከል በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ "አይሮፕላን ሜዳ ወራጅ አለ?" ብሎ ይጮሃል። ይህን ጥሪ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ወራጁ ዶሮውን ወይም ጆንያውን አንጠልጥሎ ይወርዳል፤ አውሮፕላን ሲወርድ ያየ ተሳፋሪ ግን አላጋጠመኝም። ከመንገዱ ወረድ ብሎ የሚታየው የሽምብራ ማሳ ነው።

ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ዘንድሮ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤት ተቀምጬ ከባለቤቴ ጋር ከምነታረክ፣ ይህን ማሳ ለክቼና ቆፍሬ ካርታ ላነሣለት ቆርጫለሁ። የእህቴ ልጅ ቅየሳ ተምሮ ሥራ እስኪያገኝ እየጠበቀ ስለሆነ ረዳት አላጣሁም። ሽምብራው ባለፈው ሳምንት ተነሥቷል። ባለ ማሳው "ዝናብ እስኪጥል መሬቱ የእናንተ ነው፤ ከጣለ በኋላ ግን በሬ እንጂ መምህር አላውቅም" ብሎ ፈቅዶልናል።

እስካሁን የምናውቀው ሦስት ነገር ነው። ሜዳው የሣር ነበር፤ የመንግሥት ሳይሆን የግል ነበር፤ ከደርግ በፊት ነበር። የመንደሩ ወጣቶች "ጣልያን ነው የሠራው" ይላሉ። ይህን መልስ ቶሎ ማመን አልፈለግሁም። ጎንደር ውስጥ ያረጀ ነገር ሁሉ ወይ የፋሲል ነው ወይ የጣልያን ነው፤ በመካከል ባለው ሦስት መቶ ዓመት ሰው ድንጋይ ያነሣ አይመስልም።

የካቲት 5

ጫፎቹን ሳናገኝ መለካት አንችልምና መንደሩ በሙሉ "አያ" የሚላቸውን ሽማግሌ ይዘን ወጣን። አያ ልጅ ሳሉ እዚህ ከብት ጠብቀዋል። ዱላቸውን እየተመረኮዙ ማሳውን ቁልቁል ተራመዱና አንድ ቦታ ቆመው "እዚህ ነው" አሉ። ምንም አይታይም። የእህቴ ልጅ በዶማ ሁለት ጊዜ መታ፤ ሦስተኛው ላይ ብረቱ ጮኸ።

የራስ ቅል የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ወጣ። አጥቤ በጥፍሬ ስጭረው ከቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ነገር ተገኘ። ለምሳ ከያዝነው ሎሚ ጨምቄ ጣል አደረግሁበት፤ ጥቃቅን አረፋ ተነሣ። ኖራ ነው። ጥቁር ድንጋይ በሎሚ አያረፋም፤ ኖራ ግን ከአየር ጋር ውሎ ሲያድር ወደ በሃ ድንጋይ ዘር ይመለሳልና አሲድ ሲነካው ይፈላል። አያ የሎሚውን ነገር በትዕግሥት ሲያዩ ቆይተው "እኔን ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር፤ ኖራውን የቀባነው እኛ ነን" አሉኝ።

ከዚህ ድንጋይ ትይዩ፣ በ19 ሜትር ርቀት፣ ሁለተኛውን አገኘን። የሜዳው ስፋት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ በላይኛው ጫፍ ሌላ ጥንድ ተገኘ። እኩያቸው የሆነ አምስተኛ ድንጋይ ደግሞ በአንዲት እናት ደጃፍ ላይ መርገጫ ሆኖ ተቀምጧል። "እሱንስ አልሰጣችሁም፤ ልጆቼን ሁሉ የዳርኩት በሱ ላይ አስረግጬ ነው" አሉን። ፎቶ አንሥተን፣ ጠላቸውን ቀምሰን ተመለስን።

ርዝመቱን በናይለን ገመድ ለካን፤ 712 ሜትር ሆነ።

የካቲት 8

712ቱ ውሸት ነው። የእህቴ ልጅ ከአንድ ግንበኛ የብረት ሜትር ተውሶ ገመዳችንን ቢለካው፣ በየ50 ሜትሩ ያሰርናቸው ቋጠሮዎች ሲወጠሩ ወደ 52 ሜትር ይለጠጣሉ። ስለዚህ በገመዱ 712 ያልነው በእውነቱ 740 ሜትር ነው። ለማረጋገጥ በብረቱ እንደገና ለካን፤ እኩለ ቀን ላይ ጨረስን፤ 740 ሆነ። አርባ ዓመት ስለ መለኪያ ስሕተት አስተምሬ በገመድ መሸወዴ አሳፍሮኛል። ልጁ ደግሞ ደስታውን ሊደብቀው እንኳን አልሞከረም።

የካቲት 12

ዛሬ ቁልቁለቱን ለካን። መሣሪያው ግንበኞች የሚጠቀሙበት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውሃ ይሞላበታል፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በየ20 ሜትሩ እያንቀሳቀስን 37 ጊዜ ማንበብ ነበረብን። አስራ አንደኛው ላይ ሜዳው በድንገት ግማሽ ሜትር ሽቅብ ወጣ፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ለጥ ያለ መሬት ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ታስሮ ኖሯል። አፍስሰን፣ ሞልተን፣ ከአንድ ጀመርን።

ውጤቱ፤ ከላይ፣ ከሰሜኑ ጫፍ፣ እስከ ታችኛው፣ ወደ ጣና እስከሚያየው ጫፍ፣ መሬቱ 6.3 ሜትር ይወርዳል። ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። በእግር አይታወቅም። ለአውሮፕላን ግን ቁልቁል እየሮጠ ቢነሣ፣ ዳገቱን እየወጣ ቢያርፍ ይሻለዋል፤ ፍጥነቱን አንዴ መሬቱ ይሰጠዋል፣ አንዴ መሬቱ ይወስድለታል።

አያን "በየት በኩል ነበር የሚወርደው?" አልኳቸው። "ከሐይቁ መጥቶ ወደ ላይ ይወርዳል፤ ሲሄድ ዞሮ ወደ ሐይቁ ይነሣል። አንድም ቀን በሌላ በኩል አላየሁም" አሉ። የእህቴ ልጅ ደብተሩን እየመታ "ቁልቁለቱ ነዋ!" አለ። አያ ግን ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው የማርያምን አፀድ አሳዩን። ከሜዳው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ጥድና ወይራው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። "በታቦቱ አናት ላይ እንዴት ብሎ ይበራል?" አሉ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ከአፀዱ ዛፍ በላይ ለማለፍ የሚበቃ ርቀት የለም። አብራሪው ዛፉን ፈራ፣ መንደሩ ደብሩን አከበረለት፤ ሜዳው ግን ባለ አንድ በር ሆኖ ቀረ።

የካቲት 15

የጣልያኑን ወሬ ዛሬ ዘጋነው። ጣልያን ጎንደር ላይ አውሮፕላን ነበረው፤ ሜዳው ግን አዘዞ ነው። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ጎንደር በተከበበ ጊዜ፣ ከአዘዞ የሚነሡት በጣት የሚቆጠሩ ባለ ድርብ ክንፍ ፊያት ሲአር 42 ተዋጊዎች ብቻ ቀርተው ነበር። ጥቅምት 14 ቀን አብራሪው ኢልደብራንዶ ማላቮልቲ በአየር ላይ ውጊያ ተመቶ ሞተ። ኅዳር 18 ቀን የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ። የዛሬው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውም በዚያው በአዘዞ በኩል ነው፤ አስፋልቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። የእኛ ሜዳ ከአንድ ሦስተኛው አይበልጥም።

አያ የተወለዱት ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ድንጋዩን ደግሞ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመዋል። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም፤ ወጣቶቹን ግን አላሳመንኳቸውም። ጣልያን ይሻላቸዋል።

የካቲት 21

ማርያም ናት፤ ዶማ አይነሣም። አያ ቤት ቡና ተጠራን። ጾም ስለሆነ ቁርሱ ቆሎ ነው። ከመለካቱ ሁሉ ይልቅ ዛሬ ብዙ ተማርኩ።

"የግል" የሚለው ቃል ነው የከነከነኝ። በጌምድር የርስት አገር ነበር፤ ርስት ደግሞ የዘር እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ታዲያ ለአንድ ሰው የግል ሜዳ ከየት መጣ? አያ ሳቁ። ባለ ሜዳው ትልቅ ባለ ርስት ነበሩ፤ ከጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ጋር ይውሉ ነበር። ከሜዳው እኩሌታው ላይ የአያ አጎት ድርሻ ነበረበት። አጎትየው እርሻ እንዳይገባበት ተስማሙ፤ በለውጡ ግጦሹን አገኙ። ስለዚህ "የግል" የተባለው አውሮፕላን የሚያርፍበት የግል መሬት፣ ላሞች የሚውሉበት የጋራ መሬት ነበር። ስምምነቱ በጽሑፍ አልነበረም። በየዓመቱ መስከረም ላይ እንደገና ይጣሉበትና እንደገና ይታረቁበት ነበር።

ባለ ርስቱ አውሮፕላን ነበራቸው ወይ? አልነበራቸውም። ሜዳ እንጂ አውሮፕላን ያልነበረው ሰው ነበሩ። የሚመጣው እንግዳ ነው። አንዴ ሐኪም፣ አንዴ መሬት የሚለኩ ፈረንጆች፣ አንዴ "የአንበጣ ሰዎች"። የመጨረሻውን ስሰማ ጆሮዬን አቀናሁ፤ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትንንሽ አውሮፕላኖችም ነበሩት። የአያ የእረኝነት ዘመን ከዚሁ ጋር ይገጥማል። እነዚያው ይሁኑ ሌሎች አያ አልጠየቁም፤ የከብት ጠባቂ ሥራ አልነበረምና።

የእረኞቹ ሥራ ምን ነበር? አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይዞራል። ያ ዙር ለከብቱ ነው። ልጆቹ ጅራፍ እያጮሁ ሜዳውን ያጸዳሉ፤ አንዱ እርጥብ ሣር ላይ እሳት ለኩሶ ጢስ ያወጣል፤ አብራሪው ጢሱን አይቶ ነፋሱን ያውቃል። ሁለተኛው ዙር ለመውረድ ነው። በኋላ ላይ ባለ ርስቱ ከአቡጀዲ እጅጌ የመሰለ ከረጢት አሰፍተው በባሕር ዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ ነፋስ ሲገባበት ይነፋል። "ከጢሱ ይሻል ነበር?" አልኳቸው። "አይሻልም፤ አቡጀዲውን በሁለተኛው ወር ሰረቁት" አሉ።

ከብቱ ግን ጠላት ብቻ አልነበረም። ሣሩን ማን ያሳጥረዋል? የተተከለው ሰርዶ ነው። ሰርዶ መሬት ላይ እየተሳበ የሚሄድ፣ በተጋጠና በተረገጠ ቁጥር የሚበረታ ሣር ነው። ሰምበሌጥ ቢሆን ኖሮ ጎማው ይጠለፍበት ነበር። ሴቶቹ ሰርዶውን ከወንዝ ዳር ከነሥሩ እየገመሱ በእንቅብ አምጥተው በእጃቸው ነው የተከሉት። ይህን ያወሩልኝ አያ አይደሉም፤ ቡናውን ያፈሉት ባለቤታቸው ናቸው። ሲኒውን እያለቀለቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ሁለት ክረምት ሙሉ ወገቤን ያመመኝ ከዚያ ነው" አሉ። አያ ይህን ከዚህ በፊት የሰሙ አልመሰለኝም።

የካቲት 26

ጉድጓድ ቆፈርን። የደንቢያ፣ የዚህ አካባቢያችን፣ መሬት ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አሁን ያለው ስንጥቅ መዳፌን በቁሙ ይውጣል፤ አንዱ ውስጥ የዱላዬ ጫፍ እስከ ክንድ ወረደ። ይህ አፈር ሲረጥብ ጫማ ይዞ የሚቀር ነው፤ ጎማንማ እንዴት ብሎ ይለቃል? ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ዝግ ነበር ማለት ነው። አያም እንደዚያው ነው ያሉት።

መካከሉ ላይ የቆፈርነው ጉድጓድ ዋልካ፣ ዋልካ፣ ዋልካ ሆነ። ወደ ሐይቁ ባለው ጫፍ፣ አውሮፕላኑ መጀመሪያ መሬት በሚነካበት ላይ የቆፈርነው ግን ሌላ ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥቁር አፈር ሥር ቀይ ገረጋንቲ ወጣ፤ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር። ከሥሩ እንደገና ዋልካ ነው። ይህ ቀይ አፈር በአካባቢው ሜዳ ላይ የለም፤ ከኮረብታው ነው የመጣው። በአህያ።

ገረጋንቲው በ20 ሴንቲ ሜትር ዋልካ መሸፈኑ የእህቴን ልጅ ገርሞታል። እኔ አልገረመኝም። ዋልካ ራሱን ያርሳል፤ የላዩ አፈር በስንጥቁ ይገባል፣ ክረምት ሲያብጥ የሥሩ ይገፋል። በዚህ ላይ ሃምሳ ዓመት ማረሻ አለ። መሬቱ ጥቂት ቆይቶ ሜዳውን መዋጡ አይቀርም ነበር። ያላስዋጠው በየጥቅምቱ ይደረግ የነበረው ሥራ ነው፤ ስንጥቁን በእጅ መሙላት፣ የግራር ቅርንጫፍ በበሬ እያስጎተቱ መደልደል፣ የተነቀለውን ሰርዶ መልሶ መትከል፣ ኖራ መቀባት። አያ በጣታቸው ሲቆጥሩ አስራ አምስት ቀን የሁለት መንደር ሰው ይፈጅ ነበር። እኔ እስከዚህ ቀን ድረስ ሜዳውን አንድ ቀን የተሠራ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው።

መጋቢት 4

ስሌት። ይህን ክፍል ለራሴ አስቀርቼው ነበር።

ጥያቄው፤ ከዚህ ሜዳ ትንሽ አውሮፕላን እውነት ይነሣል? በባሕር ጠለል፣ በደረቅ አስፋልት፣ ከቆመበት ተነሥቶ 15 ሜትር ከፍታ እስኪይዝ 300 ሜትር የሚበቃውን እንውሰድ። የግል አብራሪዎች የሚጠቀሙባቸው የግምት ስሌቶች አሉ። በየ305 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ይጨመራል። አየሩ ለዚያ ከፍታ ከተለመደው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሌላ 10 በመቶ። ደረቅ አጭር ሣር 20 በመቶ፤ እርጥብ ከሆነ 30 በመቶ። ጭማሪዎቹ እርስ በርስ ይባዛሉ። የከፍታውና የሙቀቱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ቀጭን አየር ሞተሩንም፣ ውልብልቢቱንም፣ ክንፉንም በአንድ ጊዜ ያስርባል።

የእኛ ሜዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው፤ ደንቢያ ደግሞ 3 ዲግሪን በሕልሙም አያውቃት። ቴርሞሜትር ዛፍ ጥላ ሥር ሰቅዬ ቀኑን ሙሉ አነበብኩ። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ 12 ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት ላይ 17፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ 29።

ንጋት ላይ፣ ጤዛ ካለ፤ 758 ሜትር። ሜዳው 740 ነው፤ አይበቃም።

ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ረግፎ፤ 734 ሜትር። በ6 ሜትር ይተርፋል።

ስምንት ሰዓት ላይ፤ 822 ሜትር። ጭራሽ አይበቃም።

ወረቀቱን ይዤ አያ ዘንድ ሮጥኩ፤ መሮጥ ካልኩት። ቁጥሩን ሳልነግራቸው "በስንት ሰዓት ነበር የሚነሣው?" አልኳቸው። "ጤዛው እስኪረግፍ ክንፉን እየዞረ ሲያይ ይቆይና፣ ፀሐይ ሳትከር ይሄዳል። ቡና ጠጡ ቢባሉ እንኳን እሺ አይሉም ነበር፤ እኛ ኩራት ይመስለን ነበር" አሉ።

ዝም አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን አሳየኋቸው።

መጋቢት 6

የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስሌቴን ሲያርም አድሮ መጣ። ጥንቁቅ አብራሪ ከዚህ ሁሉ በላይ የደኅንነት ሲሶ እንደሚጨምርበት አስታወሰኝ። 734 ላይ ሲሶ ከተጨመረ ሜዳው በምንም ሰዓት አይበቃም። ትክክል ነው። መፍትሔው ክብደት ነው፤ የአውሮፕላኑ ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ሲጨምር የመነሻው ርቀት 20 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ሲቀነስም እንደዚያው ያጥራል። ቀላል ሆኖ መነሣት ነበረበት።

ይህንንም አያን ጠየቅን። ጆንያ ይቀራል፤ ሰው ይቀራል፤ የቀረው በበቅሎ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ባለ ርስቱስ በራሳቸው ሜዳ ስንት ጊዜ በረሩ? አያ ወዲያና ወዲህ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰውዬው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው፤ አሁንም ዝቅ አደረጉ። "አንድም ቀን። ወፍራም ነበሩ።"

መጋቢት 17

አጭር ቀን። የጫካ ሜዳ የሚፈተነው መኪና በፍጥነት በመንዳት ነው፤ ተሳፋሪውን ካላንገላታ ለጎማ ይሆናል ይባላል። መኪና ስለሌለን ልጁ በተዋሰው ሞተር ብስክሌት ሞከረው። ባርኔጣው መቶኛው ሜትር ላይ፣ ጫማው ሁለት መቶኛው ላይ ወደቀ። ፈተናውን አላለፈም፤ ሜዳውም ልጁም።

ማሳው ድንበር ላይ ግን፣ ማረሻ በማይደርስበት ሦስት ሜትር ስፋት ውስጥ፣ ለስላሳ ሰርዶ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘን። በሁለቱ ድንጋዮች መስመር ላይ ነው ያለው። ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ሰርዶ የትም ይበቅላል። አያ ጎንበስ ብለው ነጭተው ለባለቤታቸው ወሰዱላቸው። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም።

ሚያዝያ 2

ካርታው አለቀ። መለኪያው አንድ ለሺህ ስለሆነ ሜዳው ወረቀቱ ላይ 74 ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ ከምግብ ጠረጴዛችን ጫፍ ተርፎ ባለቤቴን አስቆጥቷል። ታችኛው ጥግ ላይ የግሉ ዘመን ያበቃበትን ቀን ጻፍኩ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነበት አዋጅ። የመጨረሻው አውሮፕላን ግን ከዚያ በፊት እንደሄደ አያ ይናገራሉ። አዋጁ ሲወጣ መሬቱ ለገበሬ ማኅበሩ ሆነ፤ በቀጣዩ ጥቅምት ስንጥቁን የሚሞላ አልተገኘም። ሽምብራ ተዘራ። ደግ ሽምብራ ነው የሚሰጠውም፤ ባለ ማሳው በገረጋንቲው ላይ ያለው ክፍል ብቻ ይቀጭጫል አለኝ። ለዓመታት ምክንያቱን አያውቅም ነበር።

ሚያዝያ 20

ድንጋዮቹን መልሰን ልንተክላቸው ነበር። ባለ ማሳው "ማረሻዬን ይሰብሩብኛል" አለ። እውነቱን ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከባንዲራው ሥር እንድናኖራቸው ተፈቀደልን፤ ካርታውም ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አራቱን በጋሪ አመጣን። ሁለቱን ከታች፣ ሁለቱን ከላይ አድርገን ባንዲራው ዙሪያ በወግ ደረደርናቸው፤ ኖራም ቀባናቸው።

አያ ዘግይተው መጡ። አዩት። ምንም ሳይሉ አንዱን ድንጋይ አቅፈው ለማንሣት ሲታገሉ ተማሪዎቹ ደርሰው ያዙላቸው። እያዘዙ ግቢውን አቋርጠው አስወሰዱትና፣ አጥሩ ጋ አስቀምጠው፣ ወደ ሌላው ድንጋይ እየተመለከቱ እርምጃ ቆጠሩ። ጥቂት አነሰ፤ አጥሩ ከለከላቸው።

"አያ፣ ለምን አራራቋቸው?" አልኳቸው።

"እንደዚያ ከጠበበ የት ብሎ ይወርዳል?" አሉኝ፤ ልጆቹንም ሁለተኛውን ድንጋይ በሌላ በኩል እንዲገፉት አዘዟቸው።